አሸንዳችሁን ከፍሳሽ መስመር ለዩት

የምኖረው በኮንዶሚኒየማችን ምድር ወለል ላይ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ የሚለቀቀው ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። ባለፈው ሐምሌ መስመሩ ሲዘጋ ፍሳሹ ተመልሶ የወጣው በእኔ መታጠቢያ ቤት ነበር። ሠራተኛው በረጅም ሽቦ ጎትቶ ያወጣው ዳይፐርና ሞዴስ ነው፤ ዙሪያውን እንደ ሻማ የረጋ ዘይት ጠፍሮታል።

ዘይት ትኩስ ሳለ ይፈስሳል፤ ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ግን ይረጋል፣ ያገኘውንም ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ የወጥ ድስት ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ፣ ወረቀቱም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይግባ። የሕፃናት እርጥብ መጥረጊያ፣ እሽጉ ላይ ምንም ቢጻፍ፣ እንደ ተራ ሶፍት አይሟሟም። የጀበና አተላም ይዘቅጣል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የጣሪያ አሸንዳን ከፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ነው። የዝናብ ውሃ የራሱ ቦይ አለው። የፍሳሽ ቱቦ የተለካው ቤት ውስጥ ለምንጠቀመው ውሃ ነው፤ የነሐሴ ዶፍ ሲጨመርበት ማንሆሉ ይገነፍላል፣ ልጆቻችን በሚጫወቱበት መንገድ ላይም ይፈስሳል።

ቀሪው ፍሳሽ አዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የሞተር ዘይትና ኬሚካል ይጎዳቸዋል። ጋራዥ ያላችሁ ጎረቤቶቼ፣ እባካችሁ የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሙት፤ የሚገዛችሁ አለ።