"ዕድሜሽ ነው" ካሏችሁ የደም ግፊታችሁን አስለኩ

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በ42 ዓመቴ ነው። ከጸነስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ በዘጠኙ ወር ሲያስፈራራኝ ከረመ፤ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣው ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም።

ክትትሉን ባጭሩ ልለፈው። ፎሊክ አሲድ ከመጸነሴ በፊት ጀመርኩ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪሜ ዕድሜዬንና የመጀመሪያ እርግዝናዬ መሆኑን አይታ የእርግዝና ደም ግፊት እንዳይዘኝ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን አዘዘችልኝ። ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገውን የስኳር ምርመራ አለፍኩ። የዳውን ሲንድረም ማጣሪያ ላይ "ስጋትሽ ከፍተኛ ነው" ተብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ቁጥሩን አጥብቄ ስጠይቅ ከ90 አንድ ሆኖ ተገኘ። 89ኙንስ ማን ሊነግረኝ ነበር? ቁጥሩን ሳትቀበሉ ከክፍሉ አትውጡ። ማጣሪያ ፍርድ አይደለም፤ ቁርጡን የሚናገረው እንደ እንሽርት ውሃ ናሙና ያለው ምርመራ ነው። እኔም በእሱ ነው ያረፍኩት።

በ39ኛው ሳምንት ምጡ በመድኃኒት ተጀመረ፤ ከ40 ዓመት በላይ ሲሆን ወደ መጨረሻው ጽንሱ ሆድ ውስጥ የመሞቱ ዕድል ስለሚጨምር። "በዚህ ዕድሜ ያለ ኦፕራሲዮን አይሆንም" ያሉትን ሁሉ አሳፍሬ በምጥ ወለድኩ። ዛሬም ሳወራው ደረቴ ይነፋል።

ጉዱ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ቀጠሮዬ ስድስተኛው ሳምንት ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ራሴን ያመኝ ጀመር፤ ማስታገሻም አልመለሰው። ስልክ ደወልኩ። "እናትዬ፣ በዚህ ዕድሜ ወልደሽ ምን ጠበቅሽ? እንቅልፍ ነው ያጣሽው" አለችኝ ነርሷ። በማግስቱ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ቀጠሮዬ ገና ነው ብሎ ሊመልሰኝ ሲል በግድ ገባሁ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ካርዱ ላይ ዕድሜዬን አነበበና "ድካም ነው፣ ዕድሜም አለ" ብሎ ፓራሲታሞል ጻፈ። የግፊት መለኪያው ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል።

ማታ ልጄን ሳጠባ የፊቷ ግማሽ በብልጭታ ተሸፈነብኝ። ዓይኔን ባሸው አልሄደም። ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። አዋላጇ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ ክንዴ ላይ መለኪያውን ጠቀለለች፤ 178 በ112። በሌላኛው ክንዴ ደገመችው። ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ተገኘ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ነው፤ በነፍሰ ጡርና በአራስ ላይ የሚነሳ አደገኛ የደም ግፊት በሽታ። ወዲያው ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት፣ እንዳያንቀጠቅጠኝ ደግሞ ማግኒዚየም ሰልፌት ጀመሩልኝ። ማግኒዚየሙ በደም ሥር ሲገባ ሰውነትን እንደ ምድጃ ያግላል። አዋላጇ በየሰዓቱ እየመጣች ጉልበቴን በመዶሻ ትመታለች፤ እግሬ ካልተወነጨፈ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው የተረዳሁት። ይህ በሽታ ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል፤ የአራስ ግፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ የሚነካው ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ነው። ከ40 በላይ መሆን ስጋቱን ይጨምራል። እንግዲህ ዕድሜዬ ለመለካት ምክንያት መሆን ሲገባው ላለመለካት ሰበብ አደረጉት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እናት ከወለደች ከ48 እስከ 72 ሰዓት፣ ከዚያም ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን እንድትታይ ይመክራል። በእኔ አስተያየት ለእኛ ዕድሜ ይሄም ክፍተት ሰፊ ነው። የክንድ መለኪያ (የእጅ አንጓውን ተዉት) ግዙ ወይም ተዋሱ፤ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ፣ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ በቀን ሁለቴ ለኩ። 140 በ90 ከሆነ ደውሉ። 160 በ110 ከደረሰ ስልኩን ተዉትና ሂዱ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ ብልጭታ፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ቁጥሩን አትጠብቁ። በር ላይ "አራስ ነኝ" በሉ፤ ሆዳችሁ ከጎደለ በኋላ የሚጠይቃችሁ የለም።

ቅሬታ ጽፌ ነበር። "ቀጠሮው በአሠራሩ መሠረት ነው" የሚል መልስ መጣ። መድኃኒቱን አሁን አቁሜያለሁ፤ ግፊቴን ግን በየዓመቱ እመረመራለሁ፣ ይህ በሽታ ያገኛት ሴት በኋላ ዘመኗ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሏ ከፍ ያለ ስለሆነ። ይህንንም የነገረችኝ አዋላጇ ናት፤ የመውጫ ወረቀቴ ላይ አልተጻፈም።