ሳይወዳደሩ መሸለም

በየዓመቱ ሳላስታጉል ከምከታተላቸው ጥቂት የሽልማት ሥነ ሥርዓቶች አንዱ የአይርላንዱ «ግራዳም ክዮል» ነው። ስሙ በአይሪሽ ቋንቋ «የሙዚቃ ክብር» እንደ ማለት ሲሆን፣ ሽልማቱን ለአይርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ባለሙያዎች የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ የሚያሰራጨው ቲጂ 4 የተባለ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ጣቢያው መቀመጫውን ያደረገው በደብሊን ሳይሆን በምዕራቡ ጠረፍ፣ በጎልዌይ አውራጃ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ሥርጭት ጀመረ፤ ሽልማቱን መስጠት የጀመረው ደግሞ በ1998 ነው።

ዝግጅቱን የወደድኩት ውድድር ስላልሆነ ነው። እጩዎች ተደርድረው ፖስታው እስኪቀደድ ልባቸው አይንጠለጠልም፤ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ይመርጣሉ፣ ስሞቹ አስቀድመው ይነገራሉ፣ ተሸላሚውም የሚመጣው ሊጫወት ነው። አይርላንድ ውድድር አጥታ አይደለም፤ በ1951 የተመሠረተው ኮልታስ የተባለው ማኅበር በሚያዘጋጀው ፍላ ኽዮል በተባለው የባህላዊ ሙዚቃ በዓል ላይ ሕፃናት ሳይቀሩ በዳኛ ፊት ይፎካከራሉ። ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ የተላለፈን ዜማ በነጥብ መለካት ግን እኔን አይዋጥልኝም።

የመጀመሪያው የዓመቱ ሙዚቀኛ የዶኒጎሉ ቫዮሊን ተጫዋች ቶሚ ፒፕልስ ነበሩ። በ2007 ክብሩ ለሊያም ኦፍሊን ደረሰ። የእሳቸው መሣሪያ ኢለን ፓይፕስ በአፍ አይነፋም፤ ተጫዋቹ በቀኝ ክንዱ ሥር የታሰረውን ወናፍ በክርኑ እየጫነ በግራ ብብቱ ያቀፈውን ከረጢት አየር ይሞላል፣ በጣቶቹ ደግሞ ዜማውን ያወጣል። «ኢለን» ማለትም ክርን ነው። ዩኔስኮ በ2017 የመዘገበውን ይህን ጥበብ በመጠጥ ቤት ጥግ ተቀምጦ በወጉ ማየት አይቻልም፤ ካሜራው ግን እስከ ክርኑ ድረስ ይጠጋል።

ሁለቱም ሰዎች በ2018 አረፉ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ እነሱ ግን ምስጋናውን በገዛ ጆሯቸው ሰምተው፣ ከዚያም በኋላ አንዱ 20፣ ሌላው 11 ዓመት ኖረው ነው የሄዱት።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ይህ ሙዚቃ የኖረው በቤት ውስጥ በምድጃ ዙሪያና በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ አድማጩ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ነው። በትልቅ አዳራሽ መድረክ ላይ በመስመር ተደርድረው የመብራቱ ቀለም ሲፈራረቅባቸው አንዳንዴ የተጨነቁ ይመስለኛል፤ መብራቱን ቢቀንሱት ምን ነበረበት?

አይሪሽ ስለማልችል ንግግሩን የምከታተለው ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ትርጉም እያነበብኩ ነው። ተሸላሚው አመስግኖ ሲያበቃ ወንበር ስቦ ከጓደኞቹ መካከል ይቀመጣል፣ ጫማው ወለሉን መምታት ይጀምራል፣ ጽሑፉም ከማያው ላይ ይጠፋል። ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ሊሻገሩ ሲሉ ቅንድቡን ከፍ ያደርግላቸዋል፤ ሁሉም አብረው ይሻገራሉ።