ደህና ሆኖ መመርመር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጡት ሴት ገና ሳይቀመጡ «እኔ ምንም አላመመኝም፤ ጎረቤቴ ናት ጎትታ ያመጣችኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ። የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ምንም ላልተሰማቸው ሴቶች የተሰናዳ ነውና። በአገራችን በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ ይመከራል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ደግሞ ቶሎ ቶሎ መታየት አለባቸው። ግንኙነት ባደረጉ ቁጥር ደም ሲታያቸው «ሆድ ይፍጀው» ብለው ከርመው የሚመጡትን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

«እህቴ፣ ቆርጣችሁ ልታወጡ ነው?» አሉ፣ ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው።

«የለም እትዬ፣ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ቀብተን አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀን ማየት ነው። ከኮምጣጤ ጋር አንድ ዘር ነው።»

ጤናማው ገጽ እንደ ወትሮው ሮዝ ሆኖ ይቆያል፤ የተለወጠ ሕዋስ ያለበት ቦታ ይነጣል። የእርሳቸው ነጣ፤ በማኅፀን በሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ዙሪያው ጥርት ብሎ የሚታይ። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ዝም ከተባለ ግን ከዓመታት በኋላ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳቸው። የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነት 16 እና 18 የዚህን ካንሰር 70 በመቶ ያህል ያመጣሉ፤ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰሩ እስኪፈጠር ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሴቶቻችን እየሞቱ ያሉት ጊዜ እያለ ነው።

የነጣው ቦታ ትንሽ ስለነበር ሙቀት በሚሰጠው መሣሪያ እዚያው አከምኩት። ሰፊ ቢሆን ወይም ወደ ውስጥ ቢዘልቅ ኖሮ ሆስፒታል ልኬ ክፍሉ ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ካንሰር ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ነገሩ ወደ ትልቅ ቀዶ ጥገና፣ ወደ ጨረርና ወደ ኬሞቴራፒ ይሄዳል።

ከሕክምናው ይልቅ ያስጨነቃቸው ምክሩ ነበር። ለሳምንታት ውኃ መሰል ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአንድ ወር ያህል ግንኙነት አይደረግም። ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም ከወር አበባ የበዛ ደም ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ተመልሶ መምጣት ነው።

«ወሩን ሙሉ ባለቤቴን ምን እለዋለሁ?»

ባለቤታቸው ግቢ ውስጥ እየጠበቁ ነበር። ፈቃዳቸውን ጠይቄ አስገባኋቸውና ሁሉንም ደግሜ አስረዳሁ። ባልየው በጥሞና ሰምተው «ለልጃችን በትምህርት ቤት የተሰጣት ክትባት ለዚህ ነው እንዴ?» አሉ። አዎ፣ ለዚሁ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት። የተከተበችም ልጅ ስታድግ መመርመር እንዳለባት ጨምሬ ነገርኳቸው።

ባሎችን ደጅ ማስቆማችን ትክክል አይመስለኝም። ሴቲቱ እስከፈቀደች ድረስ ምክሩን አብረው ይስሙ። ነገ ለክፍሉ ኃላፊ ይህንኑ አነሳለሁ፤ ለሁለተኛ ወንበር የሚሆን ቦታ ከመጋረጃው ወዲህ አለ።