ቦርከናን በሎሚ መለካት

ኮምቦልቻ ላይ ፊዚክስን ከክፍል ለማውጣት ቦርከና ወንዝ ይበቃል፤ በየሰከንዱ ስንት ውሃ እንደሚያልፍበት በሎሚ ይለካል። ቀጥ ብሎ የሚፈስበት ቦታ ላይ 10 ሜትር ለክታችሁ በሁለቱም ጫፍ ገመድ ወጥሩ። ሎሚውን ከላይኛው ገመድ 2 ሜትር ያህል ቀደም ብላችሁ ጣሉ፤ ከገመድ ገመድ የፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ፣ አምስት ጊዜ ድገሙት። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ንፋስ ይገፋዋል፤ ሎሚ ግን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን አያታልልም። 10 ሜትሩን ለአማካይ ሰከንዱ ስታካፍሉ የላዩ ውሃ ፍጥነት ይወጣል። ላዩ ከታችኛው ውሃ ስለሚፈጥን ፍጥነቱን በ0.85 አባዙ፤ ተማሪ የሚረሳው ይህችን ነው! ከዚያ በወንዙ ስፋትና በአማካይ ጥልቀቱ (ሁለቱም በሜትር) አባዙ፤ በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ በሜትር ኩብ ይወጣል። ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ይለካ።

የከተማ ፍሳሽ ስለሚገባበት ቦት ጫማ ግድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም፤ ደሴ የዘነበው እዚህ ሳይታሰብ ይደርሳል። ውጤቱን በሞተር ውሃ ለሚስቡት ገበሬዎች ስታሳዩ በ1000 አባዝታችሁ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሆነ ንገሯቸው፤ ከሞተራቸው ጋር የሚያስተያዩት በሱ ነው።