ማወራረጃ

ዛሬ ራት በልተን እንደጨረስን ወዳጄ በትንሽ ብርጭቆ አማሮ ቀዳልኝ። «ማወራረጃ ነው፣ ጠጣው» አለኝ። አማሮ ጣሊያኖች ቅጠላ ቅጠል፣ ሥራሥርና የብርቱካን ልጣጭ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው የሚያዘጋጁት መራራ መጠጥ ነው። ፈረንሳዮቹ ደግሞ ኮኛክ ወይም ከፖም የሚወጣውን ካልቫዶስ ይወዳሉ። ምሬቱ መጀመሪያ ፊቴን አስጨፈገገኝ፤ ቆይቶ ግን ደረቴን ሞቅ አደረገው። በጣም ወደድኩት!

ሆዴን ግን አላቀለለውም። ዙሪክ ውስጥ በ20 ጤነኛ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ ከቺዝ ፎንዱ (ዳቦ እየነከሩ ከሚበሉት የቀለጠ አይብ) ጋር የተጠጣ አልኮል ምግቡ ከጨጓራ የሚወጣበትን ፍጥነት እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ያቺ ብርጭቆ ባትኖር ግን ከማዕድ ቶሎ እንነሳ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨማሪ ተጨዋወትን፤ የናፈቀኝም እሱ ነበር።