ከኑክሌር ፍንዳታ በኋላ፦ መሸሽ ወይስ መግባት?

የኑክሌር መሣሪያ ባላቸው አገሮች መካከል ነገር በከረረ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ወዴት እንሽሽ?» አደገኛ ጥያቄ ነው። ከእሳቱና ከፍንዳታው የአየር ግፊት የተረፈ ሰው፣ የሚተርፈውም ከሚገመተው በላይ ብዙ ነው፣ ዕድሉን የሚወስነው ቀጣዩን አንድ ቀን የሚያሳልፍበት ቦታ ነው። ያ ቦታ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ከፍንዳታው ያመለጠውን ሰው ጨረር የሚያመነጨው አቧራ ይገድለዋል።

መጀመሪያ የሚመጣው ብርሃን ነው። ያየው ሰው ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ መስኮት ይሄዳል፤ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ግፊቱ ከብርሃኑ ኋላ ይደርሳል፤ ራቅ ባለ ቦታ ለአንድ ኪሎ ሜትር 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ግማሽ ደቂቃ ገደማ አለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳው የጠፈር ድንጋይ ኑክሌር አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ከተጠጋ በኋላ ግፊቱ ሲደርስ መስታወቱ ፊቱ ላይ ተሰባበረ። ለሕክምና ከሄዱት 1,500 የሚጠጉ ሰዎች አብዛኞቹን ያቆሰለው መስታወት ነው። ስለዚህ ብርሃኑን እንዳያችሁ ከመስኮት ራቁ፣ በደረታችሁ ተኙ፣ ፊታችሁን ሸፍኑ፣ ግፊቱ እስኪያልፍም አትነሡ።

ቀጥሎ የሚመጣው አቧራው ነው። ቦምቡ ከመሬት ከፍ ብሎ ሲፈነዳ፣ ሂሮሺማ ላይ 600 ሜትር ገደማ እንደነበረው፣ በአካባቢው የሚወርደው አቧራ ጥቂት ነው። መሬት ላይ ወይም መሬት ተጠግቶ ሲፈነዳ ግን የእሳቱ ኳስ አፈሩንና ፍርስራሹን አቅልጦ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የቦምቡ ጨረር አመንጪ ቅሪት እዚያ ላይ ተጣብቆ እንደ ደቃቅ አሸዋ ተመልሶ ይወርዳል። ትልልቁ ቅንጣት ቅርብ፣ ደቃቁ ሩቅ ያርፋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በቢኪኒ ደሴት ላይ ኃይሉ 15 ሜጋ ቶን (የ15 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ያህል) የሆነ ቦምብ ስትሞክር፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የሮንጌላፕ ደሴት ላይ ከሰዓታት በኋላ ነጭ አመድ ዘነበ። ልጆች ተጫወቱበት። ነዋሪዎቹ የተነሡት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር፤ እስከዚያ ማስመለስ፣ የቆዳ መቃጠልና በኋላም የፀጉር መርገፍ ደርሶባቸዋል።

አቧራው ከፍንዳታው አካባቢ ወጣ ባለ ቦታ ለመውረድ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ለመግባት ያለው ጊዜ ይኸው ነው።

ጨረሩ የሚዳከምበት ፍጥነት በቀላል ስሌት ይያዛል፤ ጊዜው 7 እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከፍንዳታው 1 ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ በሰዓት 3 ሲቨርት (ሲቨርት ጨረር በሰው አካል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መለኪያ ነው) ቢለካ፣ በ7ኛው ሰዓት 0.3፣ በ49ኛው 0.03፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ 0.003 ገደማ ይሆናል። ከ1ኛው እስከ 24ኛው ሰዓት ሜዳ ላይ የቆየ ሰው በድምሩ ወደ 7 ሲቨርት ይወስዳል። በአጭር ጊዜ 4 ሲቨርት ገደማ ከወሰዱና ካልታከሙ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉና 7 ለብዙው ሰው ሞት ነው። በሁለተኛው ቀን የሚጨመረው ግን 1 ሲቨርት ብቻ ነው። ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ጨረሩን በ10 በሚቀንስ ቤት ውስጥ ያሳለፈ 0.7፣ በ100 በሚቀንስ ሕንፃ ውስጥ ያሳለፈ 0.07 ሲቨርት ይወስዳል። በኋለኛው መጠን ሰው ሕመም እንኳ አይሰማውም።

ይህን ልዩነት የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በእናንተና በአቧራው መካከል ያለው ክብደትና ርቀት። 6 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፣ 9 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ አፈር፣ 18 ሳንቲ ሜትር ውኃ ወይም 28 ሳንቲ ሜትር እንጨት ጋማ ጨረሩን፣ ማለትም ከአቧራው ወጥቶ ሰውነትን ዘልቆ የሚገባውን ጨረር፣ በግማሽ ይቀንሳል። እየተደረበ ሲሄድ ደግሞ ይባዛል፤ 18 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል፣ 90 ሳንቲ ሜትር አፈር ደግሞ ወደ አንድ ሺኛ። አቧራው የሚያርፈው ጣሪያና መሬት ላይ ስለሆነ ከሁለቱም መራቅ ነው። ምድር ቤት ካለ እዚያ፣ ከሌለና ሕንፃው ረጅም ከሆነ መካከለኛ ፎቅ ላይ፣ ከውጭ ግድግዳ ርቆ መሐል ላይ፤ መስኮት የሌለው ኮሪደር ወይም የደረጃው ክፍል ይመረጣል። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ የጎረቤት ሕንፃ ጣሪያ ከመስኮታችሁ ትይዩ ከሆነ ያ ጣሪያ አቧራ ተሸክሞ ጨረሩን በቀጥታ ይልክላችኋል፤ ፎቅ ቀይሩ። መኪናን እንደ መጠለያ አትቁጠሩት፤ ቆርቆሮውና መስታወቱ ጨረሩን እምብዛም አያስቀሩትም፤ የተዘጋጋ መንገድ ላይ ቆሞ አቧራ መቀበል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ያሉባቸው ወላጆች ይህን መስማት እንደሚከብዳቸው ግልጽ ነው። ቢሆንም ልጁ በኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ከሆነ እዚያው ይቆይ፤ ልታመጡት ብትወጡ አቧራው ላይ የምታወጡት እሱንም ራሳችሁንም ነው።

አቧራ ነክቷችሁ ከገባችሁ የላይኛውን ልብስና ጫማ በር ላይ አውልቁ፤ ከተሸከማችሁት አቧራ እስከ 90 በመቶው በዚህ ብቻ ይወገዳል። ቀስ ብላችሁ አውልቁ፣ አታራግፉ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ሰው ከሌለበት አስቀምጡ። ከዚያ በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠቡ። ቆዳን ፈትጎ ማቁሰል አቧራውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ለፀጉር ሻምፑ እንጂ ኮንዲሽነር አትጠቀሙ፤ አቧራውን ከፀጉሩ ጋር ያጣብቀዋል። ውኃ ከሌለ በእርጥብ ጨርቅ ፊትን፣ እጅን፣ ጆሮንና የዓይን ቆብን ጥረጉ፣ ተናፈጡም። የታጠበ ሰው ወደ ሌላው የሚያጋባው ነገር የለም፤ ጨረር እንደ ጉንፋን አይተላለፍም።

የአዮዲን ክኒን ነገር ከልክ በላይ ይወራል። ክኒኑ፣ ማለትም ፖታሲየም አዮዳይድ፣ የሚጠብቀው አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ብቻ ነው፣ እሱንም ከጨረር አመንጪ አዮዲን ብቻ። ከላይ ያሰላነውን የጋማ ጨረር አያቆምም። የአዋቂ መጠን 130 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ3 እስከ 12 ዓመት 65፣ ከ1 ወር እስከ 3 ዓመት 32፣ ከዚያ በታች 16። ቅድሚያ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው፤ የሚወሰደውም የጤና ባለሥልጣናት ሲያዙ ነው። የቁስል አዮዲን መርዝ ነውና አይጠጣም። የምግብ ጨውም አይተካውም፤ ያንን መጠን ለማግኘት በኪሎ መብላት ይጠይቃልና።

ከውጭ አየር የሚስቡትን ማራገቢያና ኤሲ አጥፉ፣ በርና መስኮት ዝጉ። ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ወይም ጄኔሬተር አታቀጣጥሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጨረሩ በፊት ይገድላችኋል። ሰው በዝቶ አየሩ ከከበደ አቧራው ከወረደ በኋላ ትንሽ ከፈት ማድረግ ከመታፈን ይሻላል። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውኃ አስቡ። በጠርሙስ የታሸገው፣ አስቀድሞ ተቀድቶ የተከደነውና የቦይለር ጋን ውስጥ ያለው ደኅና ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨረር አያወጣም። የታሸገ ምግብ ከመከፈቱ በፊት ጣሳው ይጠረግ።

ቢያንስ 24 ሰዓት ቆዩ፤ የባለሥልጣናትን መመሪያ ለመስማት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ የሚያስፈልገውም ስልክና መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ነው። ቀድሞ ለመውጣት የሚያበቃው ሕንፃው ሲቃጠል፣ ሊፈርስ ሲል ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ሲኖር ነው። በምሳሌያችን ሜዳ ላይ የአንድ ሰዓት መንገድ በ1ኛው ሰዓት የጀመረ ወደ 1.9 ሲቨርት ይወስዳል፤ ያንኑ መንገድ በ24ኛው ሰዓት የጀመረ 0.07 አይሞላም። መውጣት ሲፈቀድም ነፋሱ አቧራውን በወሰደበት አቅጣጫ ሳይሆን እሱን አቋርጦ ወደ ጎን ነው፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ተለብሶ።