ናፍጣውን አውጥቶ ኤሌክትሪክ መግጠም፦ የአንዲት የሸራ ጀልባ ስሌት

ከስቶክሆልም በስተምዕራብ በተንጣለለው የሜላረን ሐይቅ ላይ የምጓዝባት አልቢን ቬጋ 8.25 ሜትር ርዝመትና 2.3 ቶን ገደማ ክብደት ያላት የሸራ ጀልባ ናት። ይህ ዓይነት ጀልባ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1979 በስዊድን የተመረተ ሲሆን ዛሬም በሰሜን አውሮፓ ወደቦች በብዛት ይታያል፤ የጀልባው አካል ገና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ያረጀበት ባለቤት ግን ብዙ ነው። እኔም በዚሁ ምክንያት 10 የፈረስ ጉልበት ያለውን የናፍጣ ሞተር አውጥቼ ኤሌክትሪክ ገጠምኩባት። ይህን ሥራ የሚያስብ ሰው ስለ ሞተር ዓይነትና ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ነፋስ በጠፋ ጊዜ ጀልባዋ በምን ያህል ፍጥነት ብትሄድ ይበቃኛል? ሌላው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመኪና የለመድነው ስሌት ግን ውኃ ላይ አይሠራም። መኪና አንዴ ከተነሣ በኋላ በሜዳ መንገድ ላይ በጥቂት ኃይል ይንከባለላል፤ ጀልባ ግን ውኃውን እየገፋችና ማዕበል እያነሣች ስለምትሄድ ሞተሯ ለአፍታም እረፍት የለውም። የሚያስፈልገው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ የኃይሉን ፍላጎት ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። በተጨማሪም እንዲህ ያለች ጀልባ ራሷ ከምታነሣው ማዕበል ቀድማ ማምለጥ ስለማትችል ፍጥነቷ ወሰን አለው፤ የቬጋ ወሰን 6.4 ኖት ገደማ ሲሆን አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎሜትር ነው። ወደዚህ ወሰን በተጠጋን ቁጥር የምንጨምረው ኃይል ፍጥነት መሆኑ ቀርቶ ማዕበል ይሆናል።

በእኔ ጀልባ፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ቀን፣ በ4 ኖት ለመሄድ 1.2 ኪሎዋት ገደማ ይበቃል፤ 5.5 ኖት ግን ወደ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ባትሪው 51.2 ቮልትና 280 አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 14.3 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሲሆን፣ ለጉዞ የምቆጥረው 11 ያህሉን ብቻ ነው፤ የተቀረው መጠባበቂያ ነው። የቫይኪንጎች ጥንታዊ ከተማ ቢርካ ያለችበት ደሴት ከስቶክሆልም 30 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። በ5.5 ኖት የሚሄድ ሰው ቢርካ ሳይደርስ እነዚያን 11 ኪሎዋት ሰዓቶች ይጨርሳል፤ በ4 ኖት የሚሄደው ደግሞ ደርሶ፣ ደሴቷን ዞሮ አይቶ፣ በዚያው ባትሪ ይመለሳል። ልዩነቱ በመሄጃው አንድ ሰዓት ያህል፣ በመመለሻውም እንዲሁ ነው። ለመዝናናት ሸራ የዘረጋ ሰው ይህን ሰዓት ሳይሰስት መስጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ መሐንዲሱ ሞሪትዝ ያኮቢ እ.ኤ.አ. በ1838 በሴንት ፒተርስበርግ ኔቫ ወንዝ ላይ ሰዎች ጭኖ በባትሪ ጀልባ ነድቷል። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ጉዳዩን የሚወስነው ባትሪው ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ትንሽ ሞተር ከዚህ ሩብ ያህሉን ብቻ ፕሮፔለሩን (ውኃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋውን ባለ ክንፍ መሣሪያ) ወደሚያዞረው ዘንግ ሲያደርስ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ 85 በመቶ ስለሚያደርስ፣ 86 ኪሎግራም ያህል የሚመዝነው ባትሪዬ ከ5 ሊትር ናፍጣ ጋር ይስተካከላል። ሸራው ሲጎትት ፕሮፔለሩ እየዞረ ባትሪ ይሞላል የሚባለውም እውነት ነው፤ ሆኖም በዚህ መጠን ባለች ጀልባ መልካም ነፋስ ባለበት ቀን የሚገኘው መቶ ዋት ገደማ ስለሆነ ዋናው ኃይል ከወደቡ 230 ቮልት መስመር ይመጣል።

ብዙ ሰዎች የማያስቡበት ፕሮፔለሩን ነው። ብዙዎቹ ቬጋዎች ላይ ሞተሩ የሚዞረው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን፣ ወደፊትና ወደኋላ መሄድ የሚቻለው የፕሮፔለሩን ክንፎች አቀማመጥ በመለወጥ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር ራሱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚዞር ያ ሁሉ ስልት ወጥቶ ክንፎቹ የማይንቀሳቀሱ ፕሮፔለር ተተካ፤ በቺንጋ የዘንጉ ዙር በግማሽ እንዲቀንስ በመደረጉም ሰፋ ያለ ፕሮፔለር በዝግታ መዞር ቻለ። ጥቅሙ ወደብ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ ሞተሩ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥና ድምፅ ስለሌለው፣ ጀልባዋን በጣት ስፋት እየመጠንኩ ወደ መቆሚያው አስጠጋታለሁ፣ መሬት ላይ ቆሞ ገመድ የሚቀበለኝንም ሰው ሳይጮህ እሰማዋለሁ። የጭስ ማውጫውና የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያው ቀዳዳዎችም ተደፍነዋል፤ በጀልባ ላይ አንድ ቀዳዳ መቀነሱ ራሱ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ገንዘብ ሊቆጠብበት የማይገባው ጥንቃቄው ነው። 51.2 ቮልት ሰውን የመግደል ዕድሉ ዝቅተኛ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ቢገናኙ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚለቅ እሳት ያስነሣል። ስለዚህ ይህን ያህል ፍሰት መበጠስ የሚችል ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ገመዱም ለሚሸከመው አምፔር በቂ ውፍረት ሊኖረው ይገባል። እንደ እኔ ያለ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ስለሚጎዳ፣ በስዊድን ክረምት የባትሪውን ሙቀት የሚከታተልና ቻርጁን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ግዴታ ነው። ጀልባዋ በመከር ወደ መሬት ስትወጣ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልቼ፣ ከሁሉም መስመር ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ።

ይህ ሥራ ግን ለሁሉም አይሆንም። በባልቲክ ባሕር ያለችው የጎትላንድ ደሴት ከስዊድን ዋና መሬት 90 ኪሎሜትር ገደማ ትርቃለች፤ በተቆረጠ ቀን መድረስ ያለበትና ነፋስ እስኪነሣ የመጠበቅ ዕድል የሌለው ሰው የናፍጣ ሞተሩን ማደስ ይሻለዋል። በሐይቅና በደሴቶች መካከል ለሚጓዝ፣ ማታ ማታም የመብራት መስመር ካለበት ወደብ ለሚያድር ሰው ግን ዛሬውኑ ስሌቱን እንዲጀምር እመክረዋለሁ።